ራእይ እና ራዕይ፣ ሰብአዊ እና ሰብዓዊ፦ ሞክሼ ሆሄያት ትርጉም የሚለውጡባቸው ቃላት

በየመሥሪያ ቤቱ መግቢያ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ሰሌዳ ሁላችንም እናውቀዋለን። «ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴቶች» ይላል፣ በትልልቅ ፊደል፣ ባማረ ቀለም። ከሦስቱ ቃላት ሁለቱ የተጻፉት በማይገባቸው ፊደል ነው። የሚገባቸው ራእይ እና ተልእኮ ነው። ለጆሮ ልዩነት የለውም፤ ጮክ ብሎ ያነበበ ሰው ሁለቱንም አንድ ዓይነት ያነባቸዋል። በቃሉ ሥር ላይ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። በግዕዝ ርእየ ማለት አየ ሲሆን ረዐየ ማለት ደግሞ ከብት ጠበቀ፣ አሰማራ ማለት ነው። ራእይ የሚወጣው ከማየት ነው። በዐይኑ ዐ ሲጻፍ ከማየት ዘር ይወጣና ከግጦሽ ዘር ይገባል። ተልእኮም እንዲሁ ከለአከ፣ ማለትም ከላከ የመጣ ነው፤ መልአክ የሚለው ቃል የሥጋ ዘመዱ ነው፣ መልአክንም በዐይኑ ዐ የሚጽፍ ሰው እምብዛም አይገኝም።

ሞክሼ የምንላቸው፣ ማለትም ቅርጻቸው ተለያይቶ ድምፃቸው አንድ የሆነ ሆሄያት ዘጠኝ ናቸው፣ በአራት ቡድን። የአብነት ትምህርት ቤት የሰጣቸው ስም ከየትኛውም የሰዋስው መጽሐፍ ይልቅ ለማስታወስ ይመቻል፤ እያንዳንዱ ፊደል የሚጠራው ራሱ በሚገኝበት ቃል ነውና። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ። ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ። አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ። ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። ሐመር መርከብ ነው። «ብዙኃን» ላይ ያለው ኀ ነው፣ «ንጉሥ» ላይ ያለው ሠ ነው፣ «እሳት» ላይ ያለው ሰ ነው። እነዚህን ስሞች በቃሉ የያዘ ሰው ዘጠኝ ቃላትን በትክክል መጻፍ ቻለ ማለት ነው።

ፊደላቱ ለጌጥ የተጨመሩ አይደሉም። ግዕዝ ከደቡብ ዐረቢያው ፊደል ሲወስዳቸው እያንዳንዳቸው የራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። ሐ እና ዐ ከጉሮሮ ጥልቀት የሚወጡ ናቸው፣ ዛሬም ትግርኛና ዐረብኛ ተናጋሪዎች እንደሚያወጧቸው። ኀ ላንቃ የሚፍቅ ድምፅ ነበር። ሠ ከሰ፣ ፀ ከጸ የተለዩ ነበሩ። ድምፆቹ ቀስ በቀስ አንድ ሆኑ፣ ቅርጾቹ ግን ቀሩ። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኢዛና ዘመን በድንጋይ ላይ የተቀረጹት ጽሑፎች ልዩነቱን በጥሩ ሁኔታ ይዘውታል፤ በኋለኞቹ ዘመናት ብራናዎች ላይ ግን መደባለቁ በግልጽ ይታያል። ስለዚህ ፊደል ማቀያየር የዘመናችን ስንፍና ያመጣው አይደለም። የዛሬውን ከድሮው የሚለየው የስሕተቱ አቅጣጫ ነው፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

በመጀመሪያ ግን ትርጉም በእርግጥ የሚለወጥባቸውን ጥንዶች በቅርብ እንያቸው፤ ሀብቱ ያለው እዚያ ነው።

ሠረቀ እና ሰረቀ። በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ወጣ፣ ብቅ አለ ማለት ነው፣ ለፀሐይና ለጨረቃ። ምሥራቅ የተባለው ፀሐይ የምትወጣበት ስለሆነ ነው፣ ሠርቀ ወርኅም የወር መባቻ ነው። በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ያው የምናውቀው ስርቆት ነው። ዐረብኛ ሁለቱን እስከ ዛሬ በድምፅ ይለያል፤ ምሥራቅ «ሸርቅ» ነው፣ ሌብነት «ሰሪቃ» ነው። በግዕዝ ሠ ባለበት ዐረብኛ ብዙ ጊዜ ሽ ይላል፤ ዐሥርን «ዐሽር» እንደሚለው። ገልፍ አገር ቆይቶ ዐረብኛ የለመደ ሰው ይህን መመሳሰል ይዞ ብዙ ቃል ማጣራት ይችላል፣ ሁልጊዜ የማይሠራ ቢሆንም። ሦስት በግዕዝ በንጉሡ ሠ ይጻፋል፣ ዐረብኛው ግን በሽ አይደለም የሚጠራው።

ሰአለ እና ሠዐለ። እዚህ ሁለት ፊደል ባንድ ጊዜ ይለወጣል። ሰአለ ለመነ፣ ጠየቀ፣ ማለደ ማለት ነው። ሠዐለ ሥዕል ሠራ ማለት ነው። በቅዳሴ «ሰአሊ ለነ ቅድስት» ሲባል «ቅድስት ሆይ፣ ለምኝልን» ማለት ነው። በንጉሡ ሠና በዐይኑ ዐ የተጻፈ እንደሆነ «ሣዪልን» ይሆናል። ይህ በጸሎት መጽሐፍም ሆነ በግድግዳ ጽሑፍ ላይ ሲታይ እንደ ማንኛውም የፊደል ግድፈት የሚታለፍ አይደለም።

አመት እና ዓመት። አመት በአልፋው አ ገረድ፣ አገልጋይ ሴት ናት። አመተ ማርያም፣ አመተ ሚካኤል፣ አመተ ሥላሴ የሚሉት የክርስትና ስሞች ከዚህ ይወጣሉ፤ ለወንዱ ገብረ ማርያም እንደሚባለው ማለት ነው። ዓመት በዐይኑ ዐ ዘመን መቁጠሪያው ነው። እንግዲህ «ዓመተ ማርያም» ተብላ የተመዘገበች ሴት ስሟ «የማርያም ዘመን» ሆነ፣ «አመተ ምሕረት» የተባለ የቀን መቁጠሪያም «የምሕረት ገረድ»። ሁለቱም ስሕተቶች በየዕለቱ የሚያጋጥሙ ናቸው።

መሐረ እና መሀረ። ይህ ጥንድ በአማርኛ ላይ ያደረሰውን ማየት ደስ ይላል። በግዕዝ መሐረ ይቅር አለ፣ ራራ ማለት ነው፤ መሀረ አስተማረ ማለት ነው። አማርኛ መካከለኛውን ፊደል ዋጠውና ሁለቱም «ማር» በሚል ድምፅ ላይ ተገናኙ። ዛሬ «እስረኛው ተማረ» የሚል ዐረፍተ ነገር ብቻውን ቢቀመጥ፣ ይቅርታ ተደርጎለት ይሁን ወይም እስር ቤት ውስጥ ትምህርት ቀስሞ ማወቅ አይቻልም። «መማር»ም ሁለቱንም ይሸከማል። ግሱ የጠፋበትን ልዩነት ስሞቹ ግን በጽሑፍ ይዘውታል፤ ምሕረት በሐመሩ ሐ፣ ትምህርትና ምሁር በሃሌታው ሀ። የምሕረት ዐዋጅ ሲወጣ ጋዜጦች «ምህረት» ብለው ሲጽፉ፣ አንባቢ በዐውዱ ይረዳዋል፣ ቃሉ ግን ከሥሩ ተነቅሎ ነው የሚቀመጠው።

በርሀ እና በርሐም የዚህ ወንድም ናቸው። በሃሌታው ሀ በራ፣ አበራ ነው፤ ብርሃን ከእሱ ነው። በሐመሩ ሐ ጠጉር አጣ፣ ተመለጠ ነው። አማርኛ ሁለቱንም «በራ» ብሎ ጨረሳቸው። መብራቱ በራ፤ ሰውየው ራሰ በራ ነው። ብዙ ሰው ራሰ በራ የተባለው ጭንቅላቱ ስለሚያበራ ይመስለዋል። ትግርኛ ተናጋሪን ብትጠይቁ «በራሕ» ብሎ ከጉሮሮው አውጥቶ ይለይላችኋል።

በዜናና በመንግሥት ጽሑፍ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ ሊታረም የሚገባው ግን ሰብአዊ ነው። ሰብእ ሰው ማለት ነው። ሰብአ ሰገል ከዚህ ነው። ሰብዓ በዐይኑ ዐ ደግሞ ሰባ ቁጥር ነው፤ ብሉይ ኪዳንን ወደ ጽርእ (ግሪክኛ) የተረጎሙት ሰብዓ ሊቃናት የተባሉት በቁጥራቸው ነው። «ሰብዓዊ መብት» ብሎ የጻፈ ሰው በፊደሉ የጻፈው ስለ ሰባ ነው። የሰው ልጅ መብት የሚለውን ታላቅ ሐሳብ የሚሸከም ቃል ውስጥ ሰውየው ራሱ መጥፋት የለበትም። «ሰብአዊ ርዳታ» እና «ሰብአዊነት» ላይም እንዲሁ።

ርእስና ርዕደ ሌላው ነው። ርእስ ራስ፣ አናት ማለት ነው፤ ርእሰ ጉዳይ፣ ርእሰ ከተማ፣ የዜና ርእስ። ርዕደ ተንቀጠቀጠ ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት በተደጋጋሚ ሲንቀጠቀጥ «ርዕደ መሬት» የሚለው ቃል በየዕለቱ ይነበብ ነበር፣ በዐይኑ ዐ መጻፉም ትክክል ነው። ዐረብኛው «ረዕድ» የሚለው ነጐድጓድ የዚሁ ዘመድ ነው። «ርዕስ» ብለን ስንጽፍ ግን ይህን የሚንቀጠቀጥ ፊደል አናት ላይ እናስቀምጠዋለን።

ሐለየ እና ኀለየ ለጥንቃቄ የሚሆን ምሳሌ ነው። በሐመሩ ሐ ዘመረ፣ በብዙኃኑ ኀ አሰበ ማለት ነው። በሥሩ ከሄድን ማሕሌት በሐ፣ ኅሊና በኀ ይሆናሉ። በተግባር ግን «ማኅሌት» የሚለው አጻጻፍ በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ራሳቸው ላይ በብዛት ይገኛል፣ «ሕሊና» ደግሞ በጋዜጣው ሁሉ። እንዲህ ሥር ሰደው የቆዩ አጻጻፎችን በቀይ ብዕር ማሳደድ ጥቅሙ አይታየኝም። ቃሉ የት እንደበቀለ ማወቅ በቂ ነው።

ስሕተቱ ወዴት ያዘነብላል?

ከላይ ያየናቸውን አስተውሉ። ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ ርዕስ፣ ሰብዓዊ። ሁሉም ላይ የተፈጠረው አንድ ነገር ነው፤ አልፋው አ ወጥቶ ዐይኑ ዐ ገብቷል። በዚሁ ላይ አዕምሮ፣ ትዕዛዝ፣ ምዕመን፣ ማዕከል፣ ልዑካንን ጨምሩ። ትክክለኛዎቹ አእምሮ፣ ትእዛዝ፣ ምእመን፣ ማእከል፣ ልኡካን ናቸው። በቃል መጀመሪያ ላይ ጸሐፊ ወደ ቀላሉ አ ያደላል፤ አመት፣ አይን፣ እረፍት ይላል። በቃል መካከል ግን ተቃራኒው ይሆናል፣ ዐይኑ ዐ ይበዛል።

ምክንያቱ ሁለት ይመስለኛል። አንደኛው ጉተታ ነው። በመካከል ዕ ያላቸው እውነተኛ ቃላት ብዙ ናቸው፤ ትዕግሥት፣ ትዕቢት፣ ሥዕል፣ ጣዕም፣ ምዕራብ፣ ምዕራፍ፣ ማዕበል፣ ማዕድን። እጅ ይለምዳል። ማዕበልንና ማዕድንን የጻፈ እጅ ማእከል ላይ ሲደርስ ሳያስበው ዕ ይጽፋል፤ ትዕግሥትን የለመደ ትእዛዝን፣ ልዑልን የለመደ ልኡክን። ሁለተኛው ዕ የተማረ ሰው አጻጻፍ መስሎ መታየቱ ነው። ጥንቃቄ የፈለገ ጸሐፊ የከበደውን ፊደል ይመርጣል፣ ስሕተቱም ከዚያው ጥንቃቄ ይወለዳል። ለዚህ ነው በችኮላ ከተላከ የስልክ መልእክት ይልቅ በሰሌዳና በመጽሔት ሽፋን ላይ የሚበዛው። «መልእክት»ም ራሱ ከለአከ ነው፣ በአልፋው አ።

የሚያጣራው መንገድ አስቸጋሪ አይደለም። ከቃሉ ፊት ያለውን ም፣ ት፣ ተ፣ መ የመሰለ ባዕድ ፊደል አንሡ፣ የቀረውን ከምታውቁት ዘመዱ ጋር አስተያዩ። ትእዛዝ ላይ ት ሲነሣ አዘዘ ይቀራል፤ አዘዘን በዐይኑ ዐ የሚጽፍ የለም። ምእመን ላይ ም ሲነሣ አመነ ነው፣ አሜን ያለበት። ምዕራፍ ግን ዐረፈ ነው፤ መንገደኛ የሚያርፍበት፣ አንባቢም የሚያርፍበት። ምዕራብ ዐረበ፣ ማለትም ፀሐይ ገባች፤ ሙስሊሙ የሚሰግደው መግሪብ ከዚሁ ሥር ነው፣ ይህም ዐ መሆኑን ያረጋግጣል፤ ግዕዝ ዐ ያለው ላይ ዐረብኛ አንዳንዴ ዐ፣ አንዳንዴ ላንቃ የሚነካ ግ ይላልና። ለጸና ለፀም ሶላትና ሶውም ይረዳሉ። ጸሎትና ጾም በጸሎቱ ጸ ናቸው፣ ሁለቱም በዐረብኛ በደማቅ ስ ይጀምራሉ። ፀሐይ ግን ከ«ዱሓ» ጋር ትሄዳለች፣ የረፋዱ ስግደት በሚጠራበት ቃል፣ በድ ድምፅ። ስለዚህ ጽድቅ፣ ጸጋ፣ ጽሑፍ፣ ገጽ በጸሎቱ ጸ፤ ፀሐይ፣ ሕፃን፣ ድምፅ፣ ዕፅ በፀሐዩ ፀ።

ዘመዱ ያልታወቀ ቃል ሲያጋጥም መዝገበ ቃላት መክፈት ግድ ነው። በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ለዚህ ሥራ ዋናው ነው። የሚከፍተው ሰው አንድ ነገር ይወቅ፤ ቃላቱ የተደረደሩት በሀለሐመ ሳይሆን በአበገደ ተራ ነው። በለመዱት ተራ የሚገልጡ ሰዎች ቃሉ የሌለ መስሏቸው ይዘጉታል። ቃሉን የሚፈልጉትም በሥሩ ነው፤ ምሥራቅን በመ ሥር ሳይሆን በሠ ሥር።

እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን በዕብራይስጥ ይህንኑ ጣጣ በሌላ ፊደል ያገኙታል። የሚያይ ሰው «ሮኤ» ነው፣ እረኛ «ሮዔ» ነው። አንዱ በአሌፍ፣ ሌላው በዐይን ይጻፋል፣ በዛሬው የአብዛኛው ሰው አነጋገር ግን አንድ ናቸው። ይኸው ራእይና ራዕይ ነው፣ እስከ ሥሩ ድረስ። እዚያ ግን ተማሪው ሁለቱን ለይቶ መጻፍ ይጠበቅበታል።

ትርጉም የማይነካው የት ነው?

ሁሉም ቦታ ላይ እኩል መጨነቅ አያስፈልግም። ሀገርን «ሐገር» ብሎ የጻፈ ሰው ተሳስቷል፣ ሌላ ቃል ግን አልፈጠረም። ሕዝብ፣ ኃይል፣ ሥራ፣ ዕቃም ላይ እንደዚሁ። ከግዕዝ ያልመጡ የአማርኛ ቃላትና ከውጭ የገቡት፣ ሆቴል፣ ሰላጣ፣ ሆስፒታል የመሳሰሉት፣ ቀላሎቹን ሀ፣ ሰ፣ አ ይዘው ቢጻፉ ይበቃል፤ ሥር ፍለጋ ውስጥ መግባት ትርፍ ድካም ነው። ሞክሼዎቹ ይቀነሱ የሚለው ክርክር ባለፈው መቶ ዓመት በተደጋጋሚ የተነሣው በዚህ ምክንያት ነው፣ የልጆችን የፊደል ሸክም የማቅለል ሐሳቡም የሚናቅ አይደለም። እኔ ግን ከላይ ያሉት ጥንዶች እንዲጠፉ አልፈልግም። ጥቂት ደርዘን ቃላት ናቸው፣ ለአንድ ጋዜጣ አርታዒ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ተጽፈው ጠረጴዛው ላይ ሊለጠፉ የሚችሉ።

አዲሱ ችግር ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። ለሰው ዓይን ዘመድ የሆኑት ሆሄያት ለማሽን ፍጹም ባዕዳን ናቸው፤ ዩኒኮድ በተባለው የኮምፒውተር የፊደላት መለያ ሥርዓት እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቁጥር አላቸው። በድምፅ ላይ በተመሠረቱት የቁልፍ ሰሌዳዎች ላይ ሀ፣ ሰ፣ አ ባንድ ምት ይመጣሉ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ ግን ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ምት ይጠይቃሉ፤ የፊደሉ ምርጫ በጣት ድካም ይወሰናል። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም እንቁጠር። የመጀመሪያው ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሊሆን ይችላል፣ ስድስት። ሥ ወይም ስ፣ ሁለት። ሴ ወይም ሤ፣ ሁለት። ሃያ አራት አጻጻፍ ነው፤ በአንድ ቃልና በሁለት ቃል መጻፍ ሲጨመር 48። አንዱን የጻፈ ፈላጊ የቀሩትን 47 አያገኝም። «ዓመተ ምሕረት»ም 12 ዓይነት መልክ አለው። የባንክ ደብተር፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የፋይዳ ምዝገባ፣ የትምህርት ማስረጃ ላይ የአንድ ሰው ስም በአራት ዓይነት አጻጻፍ ቢጻፍ ማሽኑ አራት ሰው ነው የሚያየው።

ብዙ ባለሙያዎች መፍትሔ ብለው የሚያደርጉት ጽሑፉን ማመሳሰል ነው፤ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ በሰባቱም እርከን፤ ሃ፣ ሓ፣ ኃ ወደ ሀ፣ ኣና ዓም ወደ አ። ለፍለጋ ትክክለኛ ሥራ ነው። የሚበላሸው የተመሳሰለው ቅጂ ዋናውን ተክቶ ሲቀመጥ ነው። ሰአለና ሠዐለ አንዴ አንድ ከሆኑ በኋላ ወደ ኋላ የሚመልሳቸው ሕግ የለም፤ ማሽኑ ከ«ሰአለ» ተነሥቶ ለማኙን ከሠዓሊው መለየት አይችልም። ስለዚህ ሁለት ዓምድ ይያዝ። በአንዱ ባለቤቱ የጻፈው እንዳለ ይቀመጥ፣ በሌላው የተመሳሰለው ለፍለጋ ብቻ ይኑር፣ ለአንባቢ አይታይ። ፈላጊው «አመተ» ብሎ ሲጽፍ አመተ ማርያምም ዓመተ ምሕረትም ይምጡለት፤ በስክሪኑ ላይ ሲወጡ ግን እያንዳንዳቸው በራሳቸው ፊደል።